ስክሪፕቱ «ቆሟል» ቢልም አገልግሎቱ አይቆምም

ጥያቄ፦ በዴቢያን (የሊኑክስ ዓይነት) ሰርቨር ላይ ለራሴ ፕሮግራም የጻፍኩት የኢኒት ስክሪፕት (አገልግሎትን የሚያስነሳና የሚያቆም ፋይል) «ስቶፕ» ሲባል ቆሟል ብሎ ይመልሳል፤ ነገር ግን በፒኤስ (እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን ከነቁጥራቸው በሚዘረዝረው ትዕዛዝ) ሳየው ፕሮሰሱ አሁንም እየሠራ ነው። ስህተቱ የት ሊሆን ይችላል?

መልስ 1፦ ስክሪፕቱ የሚያውቀው በፒአይዲ ፋይሉ (የፕሮሰሱ መለያ ቁጥር በሚቀመጥበት ፋይል) ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ወደ ጀርባ ሲሄድ ፎርክ አድርጎ (ራሱን አባዝቶ) አዲስ ቁጥር ከያዘ ሲግናሉ (የማቆሚያው መልእክት) የሚላከው ቀድሞ ወደ ሞተው ወላጅ ፕሮሰስ ነው። በፋይሉ ያለውንና ፒኤስ የሚያሳየውን ቁጥር ያስተያዩ።

መልስ 2፦ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም እንኳ ሲግናል 15 ፕሮግራሙ ራሱ እንዲዘጋ የሚጠይቅ እንጂ የሚያስገድድ አይደለም። በስታርት-ስቶፕ-ዴሞን (ስክሪፕቱ ፕሮግራሙን ለማስነሳትና ለማቆም በሚጠቀምበት ትዕዛዝ) ላይ የሪትራይ (የመጠበቂያ ጊዜ) አማራጩን 30 ሰከንድ ቢያደርጉት፣ እስከዚያ ጠብቆ ካልቆመ ብቻ በግድ የሚያቆመውን ሲግናል 9 ይልካል፤ ዳታቤዝ ከሆነ ግን ጊዜውን ቢያስረዝሙት እመርጣለሁ።

ጠያቂው፦ ፋይሉ 2114 ይላል፣ ፒኤስ ደግሞ 2115። አመሰግናለሁ።