የኮሮላ ቦዲ ኮምፒውተር ተቃጥሏል ተባለ፤ ከመቀየሬ በፊት ምን ልለካ?

ጥያቄ፦ ኮሮላ 2010

ጤና ይስጥልኝ። መኪናው የ2010 ቶዮታ ኮሮላ፣ ግራ መሪ፣ ቁልፉ የሚዞር ነው (ስማርት አይደለም)። የፊት መስታወቱ ከተቀየረ ወዲህ ሦስት ችግር አብሮ መጣ። ሪሞቱ በሮቹን ይከፍታል እንጂ አይቆልፍም። የውስጥ መብራቱ በሮቹ ሁሉ ተዘግተውም ይበራል፤ 20 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ራሱ ይጠፋል። ሦስት ቀን ከቆመ ደግሞ ባትሪው አያስነሳም። ዝናብ የጣለ ዕለት ይብሳል። ባትሪው 45 አምፔር ሰዓት ሲሆን ከተገዛ ስምንት ወሩ ነው። ያየው ባለሙያ ስካነሩ ላይ ከቦዲ ሞጁሉ (የበሮቹን ቁልፍና መብራቱን ከሚያዘው ኮምፒውተር፣ ቢሲኤም ወይም ቦዲ ኢሲዩ ከሚሉት) ጋር ግንኙነት ተቋርጧል የሚል ኮድ አገኘና “ቢሲኤሙ ተቃጥሏል፣ ያገለገለ ፈልግ” አለ። ሶማሌ ተራ ከመሄዴ በፊት በእርግጥ እሱ መሆኑን ማወቅ እፈልጋለሁ። መልቲሜትርና የ12 ቮልት መፈተሻ አምፖል አለኝ።

መልስ፦ ቮልትና ኦም

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። ያ ኮድ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ባትሪ ሲደክም ሞጁሎች እርስ በርስ መነጋገር ያቅታቸውና ይህንኑ ኮድ ይመዘግባሉ። ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ አድርግ፣ ኮዱን አጥፋ፣ ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ እይ። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12.2 በታች ከሆነ ቻርጅ ሳታደርግ ሌላ ምንም አትለካ።

ሁለቱን ችግሮች አንድ ላይ እያቸው። ቶዮታ ላይ አንድ በር ክፍት ከሆነ ሪሞቱ አይቆልፍም፤ የውስጥ መብራቱም ይበራል። ስለዚህ ሞጁሉ በር ክፍት ነው ብሎ የሚያምን ይመስላል። ጥያቄው ለምን እንደሚያምን ነው፦ የበሩ ስዊች ነው? ሽቦው ነው? ወይስ ራሱ ሞጁሉ?

መጀመሪያ ቆሞ የሚበላውን ከረንት ለካ። መልቲሜትሩን 10 አምፔር ላይ አድርግና በባትሪው ኔጌቲቭና በገመዱ መካከል አስገባው። በሮቹን ዝጋ፣ ቁልፉን አውጣ፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ጠብቅ። ሞጁሎቹ እስኪተኙ ካልጠበቅህ የምታነበው ቁጥር ያሳስትሃል። ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ደህና ነው። መልቲሜትሩ መሃል ላይ እያለ ቁልፍ እንዳታዞር፣ የመልቲሜትሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

ከረንቱ በየት እንደሚሄድ ለማወቅ ፊውዝ አትንቀል፤ ነቅለህ ስትመልሰው የተኛው ሞጁል ይነቃል። ይልቅ መልቲሜትሩን ሚሊ ቮልት ላይ አድርገህ በእያንዳንዱ ፊውዝ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ነጥቦች ንካ። ዜሮ ካሳየ በዚያ ምንም አይሄድም፤ አንድ ሁለት ሚሊ ቮልት ካሳየ ግን በዚያ ከረንት አለ። የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ዶም (የውስጥ መብራት) እና ኢሲዩ-ቢ (የሞጁሎች ቋሚ መብራት) ተብለው የተጻፉትን አስቀድም።

ቀጥሎ ቦዲን የሚያነብ ስካነር ፈልግና የአራቱን በሮች ሁኔታ በቀጥታ ንባብ ላይ እይ። ርካሾቹ የብሉቱዝ ማንበቢያዎች ሞተር ብቻ ነው የሚያነቡት። “ክፍት” የሚለውን በር ስታገኝ ስዊቹን ከሶኬቱ ንቀል። ንባቡ ወደ “ዝግ” ከተለወጠ ጥፋቱ የስዊቹ ነው። ካልተለወጠ ወደ ሽቦው እንሄዳለን።

መልስ፦ የሽቦ ሰው

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው ማሳ ነው (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው ግንኙነት)። ማሳው የደከመ ሞጁል ልክ እንደተቃጠለ ሞጁል ያደርገዋል። ቁልፉን ከፍተህ፣ መብራት አብርተህ፣ በሞጁሉ የማሳ ፒንና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ያለውን ቮልት ለካ፤ ከ0.1 ቮልት ከበለጠ የማሳውን ቡሎን ፍታና ቀለሙንና ዝገቱን ፍቀህ እሰር። በኦም መለካት እዚህ አይጠቅምም፤ አንዲት ክር ሽቦ ብቻ የቀረችው ገመድ በኦም ደህና ትመስላለች፣ ጭነት ሲመጣባት ግን ትወድቃለች።

ሁለተኛው የካን መስመር ነው (ሞጁሎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው ሁለት ሽቦዎች)። ባትሪውን አላቅቀህ በኦቢዲ ሶኬቱ (ስካነሩ የሚሰካበት) 6ኛና 14ኛ ፒን መካከል ለካ። 60 ኦም ገደማ ደህና ነው። 120 ካሳየ መስመሩ የሆነ ቦታ ተቆርጧል፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ባትሪው ተመልሶ ሲገናኝ ደግሞ 16ኛው ፒን ላይ የባትሪውን ቮልት፣ 4ኛውና 5ኛው ላይ ማሳ ማግኘት አለብህ።

ጥያቄ፦ ኮሮላ 2010

ለካሁ። ባትሪ 12.6። ከ40 ደቂቃ በኋላ 340 ሚሊ አምፔር ይበላል። ካን 61 ኦም። ማሳ 0.03 ቮልት። ስካነሩ የሹፌሩን በር ሁልጊዜ “ክፍት” ይላል፤ ስዊቹን ከምሰሶው ላይ ነቅየውም አልተለወጠም።

መልስ፦ ቮልትና ኦም

በጣም ጥሩ። 340 ሚሊ አምፔር በሦስት ቀን 24 አምፔር ሰዓት ይበላል፤ ከባትሪህ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። አለመነሳቱ ምስጢር አይደለም።

አሁን ባትሪውን አላቅቅ፣ 90 ሴኮንድ ጠብቅ (ለኤርባጉ ሲባል)፣ ከመሪው በታች በግራ በኩል ያለውን ሽፋን አንሳ። ቦዲ ኢሲዩው ከፊውዝ ሳጥኑ ጀርባ ላይ የተሰካው ነው። የሹፌር በር ስዊች ሽቦ የገባበትን ኮኔክተር ንቀልና ሁለት ጊዜ ለካ፦ አንዴ ከሽቦው ወደ ማሳ፣ አንዴ ከሞጁሉ ፒን ወደ ማሳ። ሽቦው ከማሳ ጋር ከተገናኘ ጉዳቱ መንገድ ላይ ነው፤ በምንጣፉና በበሩ ደፍ ሥር ፈትሽ። ሽቦው ንጹሕ ሆኖ ፒኑ ዝቅተኛ ኦም ካሳየ ቦርዱ ላይ እርጥበት አለ። ለማወዳደሪያ የተሳፋሪውን በር ፒንም ለካ፤ ሁለቱ መቀራረብ አለባቸው።

ጥያቄ፦ ኮሮላ 2010

ሽቦው ምንም አያሳይም፣ ንጹሕ ነው። የሹፌር በር ፒን 140 ኦም ሲያሳይ የተሳፋሪው በኪሎ ኦም የሚቆጠር ነው። ኮኔክተሩ ውስጥ አረንጓዴ ነገር አለ።

መልስ፦ የሽቦ ሰው

እንግዲህ ሞጁሉ ነው፤ ግን አልተቃጠለም፣ ውሃ ገብቶበታል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የውሃውን መግቢያ ሳትዘጋ አዲስ ብታስገባበትም በሚቀጥለው ክረምት ያው ነው የሚሆነው። ውሃው ከመስታወቱ ጥግ ወርዶ፣ የሽቦውን እሽግ ተከትሎ ኮኔክተሩ ውስጥ ይገባል።

ከፊት መስታወቱ ጎን ያለውን ምሰሶ የውስጥ ሽፋን አንሳና አንድ ሰው ባትሪ መብራት ይዞ ውስጥ ይቀመጥ። ከውጭ በቀስታ በሚፈስ ጎማ ውሃ ከታች ጀምረህ ወደ ላይ ውጣ፤ እያንዳንዱ ቦታ ላይ አምስት ደቂቃ ቆይ። ከላይ ከጀመርክ ውሃው ሁሉንም ያርስና መግቢያው አይለይም። በዝናብ መጥረጊያው ሥር ቅጠል የደፈነው መውረጃ ካለም አጽዳ። መስታወቱ የሚያፈስ ከሆነ ተነቅሎ ከነፕራይመሩ በፖሊዩሬታን ማጣበቂያ እንደገና ይለጠፍ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን እንዳያስቀቡህ አደራ፤ ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፣ ያ አሲድ ብረቱን ይበላዋል።

ቦርዱን ለማጽዳት 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና ለስላሳ ብሩሽ በቂ ነው። ቤንዚን፣ ዘይት፣ የሚረጭ ቅባት አይነካው። ከ60 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት አንድ ሰዓት አድርቅና በአጉሊ መነጽር እይ። የተበላ መስመር ካለ በቀጭን ሽቦ ይቀጠላል፣ ስታኙ የተሰነጠቀ የሪሌ እግርም ይታደሳል። የማይክሮፕሮሰሰሩ እግሮች ከተበሉ ግን አትልፋ፤ ቢሠራ እንኳ አይዘልቅም። ከጽዳቱ በኋላ ፒኑ ልክ እንደ ተሳፋሪው በር ካሳየ፣ መልሰህ ሰካውና ቆሞ የሚበላውን ከረንት እንደገና ለካ።

መልስ፦ ያገለገለ ዕቃ

ጽዳቱ ካልያዘና መግዛት ከመጣ፣ መልኩን አይተህ አትግዛ። የሞጁሉ ቁጥር በ89221 ይጀምራል፤ ከሰረዙ በኋላ ያሉትም አምስቱ አኃዞች አንድ መሆን አለባቸው። እኛ ዘንድ ያሉት ኮሮላዎች ከባሕረ ሰላጤውም ከአውሮፓም ከአሜሪካም የመጡ ስለሆኑ፣ ሶኬቱ ቢገጥምም የቀን መብራቱና ማንቂያው የተለየ ሊሆን ይችላል። ፒኖቹን በመብራት እይ፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካለ ያንተው ዓይነት በሽታ ነው። ካልሠራ እንደሚመለስ ቀድመህ ተስማማ።

ስትፈታ ኮኔክተሮቹን ፎቶ አንሳ፤ ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ። ሞጁሉ በፕላስቲክ መንጠቆ ነው የተያዘው፣ በካቻቪቴ አትፈልቅቀው። ከገጠምክ በኋላ ሪሞቱ በስካነር እንደገና ይመዝገብ፣ ኮዶቹ ይጥፉ፣ በሮቹ አንድ በአንድ በቀጥታ ንባብ ይታዩ። የሹፌሩ መስኮት በአንድ ንክኪ መውጣቱን ካቆመ፣ እስከ ላይ አውጥተህ ስዊቹን አንድ ሁለት ሴኮንድ ያዘው።

ሌላ መኪና ያላችሁ ግን ይህን እንዳለ አትውሰዱት። ኦፔልና ሸቭሮሌት፣ እንዲሁም ፔጆና ሲትሮየን ላይ ይህ ሞጁል የሌባ መከላከያውን ኮድ ይይዛል። ያገለገለ አምጥቶ መሰካት ሞተሩ እንዳይነሳ ያደርጋል፤ ወይ የድሮው መረጃ ወደ አዲሱ ይገለበጣል፣ ወይ አዲሱ በሻሲ ቁጥሩ ፕሮግራም ይደረጋል። ፕሮግራም ሲደረግ ባትሪው ላይ ቮልቱ እንዳይወርድ የሚደግፍ ቻርጀር ይኑር፤ መሃል ላይ ቮልት ከወረደ ሞጁሉ ሊሞት ይችላል።

ጥያቄ፦ ኮሮላ 2010

አጽድቼ አደረቅሁት። ፒኑ አሁን ከተሳፋሪው ጋር እኩል ነው፣ የተበላ መስመርም የለም። ከ40 ደቂቃ በኋላ 28 ሚሊ አምፔር፤ ሪሞቱም ይቆልፋል። ውሃው በግራ በኩል ከመስታወቱ ታችኛ ጥግ ነው የሚገባው፤ ተነቅሎ እስኪለጠፍ መኪናው ጣራ ሥር ይቆማል።

መልስ፦ የሽቦ ሰው

ከመዝጋትህ በፊት ቦርዱን አክሪሊክ መከላከያ (ከእርጥበት የሚጠብቅ የቦርድ ቫርኒሽ) ቀባው፤ ፒኖቹን በቴፕ ሸፍናቸው፣ መከላከያው እዚያ ከደረሰ ግንኙነት ያጠፋል። የሽቦውን እሽግም ወደ ኮኔክተሩ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዞሮ እንዲወጣ አድርገህ እሰረው፤ ጠብታ ቢመጣ ከታችኛው መታጠፊያ ላይ ይንጠባጠባል። ከወር በኋላ ፒኑን አንዴ ለካው።