የእርሾ ምርምራችን የጋራ ሐሳብ፦ ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ?

ጸሐፊው፣ ሰንዳፋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐሳቡ ለስብሰባ ሳይቀርብ እዚህ እንከራከርበት። መነሻው እንዲህ ነው። ማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም የሴሉ የጉልበት ማምረቻ፣ ምግብን በኦክሲጅን እያቃጠለ ጉልበት ይሰጣል። በመሃል የሚያመልጡ ኤሌክትሮኖች ኦክሲጅኑን ሱፐርኦክሳይድ የሚባል ጎጂ ነገር ያደርጉታል። የማይቶኮንድሪያው ዲኤንኤ ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው። ታዲያ የትኛው የእርሾ ኢንዛይም ሲጎድል ነው ዲኤንኤው ቶሎ የሚበላሸው? አራት እጩ ይዣለሁ፦ ሶድ2፣ ኦግ1፣ ኤንቲጂ1 እና የዲኤንኤን ድርብ ሰንሰለት የሚፈታው ፒፍ1። ጥቅሙ ላይ “እርጅናን ለማቆም” ብያለሁ።

መምህሩ፣ ለገጣፎ፦
ጸሐፊያችን፣ “እርጅናን ለማቆም” የሚለውን አውጣው፤ ገምጋሚ ይስቅብናል። አራቱንም አንድ ላይ አትጨፍልቃቸው። ሶድ2 ማንጋኒዝ የያዘ ኢንዛይም ነው። ሱፐርኦክሳይዱን ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይቀይራል እንጂ ዲኤንኤውን አይነካም። ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃ የሚለውጠው እንደ ሲሲፒ1 ያለ ሌላ ኢንዛይም ነው። ኦግ1 ግን የሚደርሰው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ኦክሲጅን ያበላሸውን ጉዋኒን (ከአራቱ የዲኤንኤ ፊደላት ከኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ ጂ የሚባለውን) ከሰንሰለቱ ይነቅላል። ካልነቀለው ዲኤንኤው ሲቀዳ በሲ ፈንታ ኤ ይጣመረዋል፣ በሚቀጥለው ቅጂ ጂ የነበረው ቲ ሆኖ ያርፋል። ኤንቲጂ1ም ሌሎች የተበላሹ ፊደላትን ይነቅላል። እንግዲህ ሶድ2ን ተከላካይ፣ ኦግ1ንና ኤንቲጂ1ን ጠጋኝ ብለን እንለያቸው።

የላብ ባለሙያዋ፣ ቡራዩ፦
እሺ፣ ግን በምን እንለካለን? ይህን ማንም አላነሳም። እርሾ ግሉኮስ ካገኘ ያለ ማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤም ይኖራል። ኮሎኒው፣ ማለትም ከአንድ ሴል የሚበዛው ክምር፣ ብቻ ደቃቃ ይሆናል። ቦሪስ ኤፍሩሲ በ1949 እ.ኤ.አ. የገለጻቸው “ፔቲት” የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በመተንፈስ ብቻ የሚበላው ግሊሰሮል ላይ ግን አያድጉም። ለመለየት ቴትራዞሊየም የሚባል ማቅለሚያ ያለበት ለስላሳ አጋር (እንደ ጄሊ የሚረጋ ነገር) እርሾው በሚያድግበት ሳህን ላይ ይፈስሳል። የሚተነፍሱት ኮሎኒዎች ቀይ ይሆናሉ፣ ፔቲቶቹ ነጭ እንደሆኑ ይቀራሉ። በዓይን ይቆጠራል፣ ደስ ይላል።

ችግሩ ፔቲት ትልቁን ጥፋት እንጂ የአንዲት ፊደል ለውጥ አያሳይም። ለእሱ ኢሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ የማይቶኮንድሪያውን ራይቦዞም (ፕሮቲን ሠሪውን) ብቻ ያግዳል፤ ስለዚህ ግሉኮስ ላይ እርሾው ጉዳዩም አይደለም። ግሊሰሮል ላይ ግን ይቆማል። በማይቶኮንድሪያው የራይቦዞም አርኤንኤ ጂን ላይ ለውጥ የደረሰበት ብቻ ያድጋል። ፒፍ1ን ይቅር የምለውም ለዚህ ነው። ፒፍ1 የሌለው እርሾ ዲኤንኤውን በጅምላ የመጣል ጠባይ አለው፤ ፔቲቱ ሲበዛ የኢሪትሮማይሲኑን ቁጥር ማመን አንችልም።

አባል፣ ገላን፦
ይቅርታ፣ የጠላ እርሾ ለምን ቀረ? የእናቴ ቤት እንስራ ሞልቶ ተቀምጧል። የኛ ነገር ቢገባ ደግሞ ደጋፊ እናገኛለን።

የላብ ባለሙያዋ፣ ቡራዩ፦
ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፣ ግን ለዚህ ጥያቄ አይሆንም። ጠላ ውስጥ ባክቴሪያም አለ፤ እርሾው መጀመሪያ ተለይቶ መውጣት አለበት። ከወጣም በኋላ ኦግ1 አለው፤ ታዲያ ከምን ጋር ልናነጻጽረው? አንዳንድ ጂን የተሰረዘባቸው እርሾዎች ተዘጋጅተው ይሸጣሉ፣ እነሱን እንግዛ። የእናትህ ጠላ ለሁለተኛው ምዕራፍ ይቆይ። (ለስብሰባው ከሆነ ግን አሁኑኑ አምጣው።)

መምህሩ፣ ለገጣፎ፦
አንድ ልጨምር። ሰንዳፋ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ስለዚህ ማፍላት ብቻውን ሙሉ በሙሉ አያጸዳም። ፕሬሸር ኩከሩም የግፊት ጌጁ 15 ፒኤስአይ ቢያሳይ ውስጡ ለማጽዳት የሚፈለገው 121 ዲግሪ አይገባም። ስለዚህ ከተለመደው 15 ደቂቃ አርዝመን እናቆየዋለን። ሙቀት ጠብቆ የሚያቆየው ሣጥን፣ ኢንኩቤተሩም በጀት ውስጥ ይግባ። እርሾው 30 ዲግሪ ይፈልጋል፣ የኛ ክፍል ጠዋት ጠዋት ብርድ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪም አትርሱ።

ጸሐፊው፣ ሰንዳፋ፦
ተስማምተናል መሰለኝ። ዓላማው እንዲህ ተስተካክሏል፦ “ሶድ2፣ ኦግ1 ወይም ኤንቲጂ1 የጎደለው እርሾ ከሙሉው ጋር ሲነጻጸር፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲጨመርና ሳይጨመር፣ ስንት ፔቲትና ስንት ኢሪትሮማይሲን የሚቋቋም ኮሎኒ ያወጣል?” ቡራዩዎች የቆጠራውን ክፍል ጻፉ፣ መምህር የማጽዳቱን። ገላን፣ አንተ የኢሪትሮማይሲን ዱቄት ዋጋ አጣራ። የፋርማሲ ክኒን እንዳታመጣ፣ ሌላ ነገር ይቀላቀልበታል።