ቶም ብራዲ ጫማውን ይስቀል ወይስ ይቀጥል? ክትፎ የተያዘበት ክርክር

የዳላሱ (ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.)

ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ ላመለጣችሁ ባጭሩ ልንገር። በአሜሪካ ፉትቦል ዳላስ ካውቦይስ ታምፓ ቤይን በገዛ ሜዳው 31 ለ 14 ሸኘው። ፕሌይኦፍ ነው፤ አንዴ ከተሸነፍክ ወደ ቤትህ ነህ። የታምፓው ኳርተርባክ ቶም ብራዲ ነው። 45 ዓመቱ ነው። ሱፐር ቦውልን፣ የሊጉን ትልቅ ዋንጫ፣ 7 ጊዜ በልቷል፤ ይህን ያህል ያለው ተጫዋች የለም። እኛን ደግሞ ከትናንት በፊት 7 ጊዜ ገጥሞን 7ቱንም አሸንፎናል።

ኳስ ሲባል አርሰናል ብቻ ትዝ ለሚላችሁ፦ ኳርተርባክ ማለት ኳሷን ተቀብሎ ለማን እንደምትሄድ የሚወስነው ሰውዬ ነው። ጨዋታው ያለው በእሱ እጅ ነው። ተቃራኒው ቡድን ደግሞ ደመወዝ የሚከፈለው እሱን መሬት ላይ ለማንጠፍ ነው።

ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠበቅሁት። ግን ደስታዬ ጎደለብኝ። ከመግለጫው በኋላ ኮሪደሩ ላይ አባትና እናቱን ሲስም አየሁት። የተሰናበተ ነው የሚመስለው። ውሉም አልቋል። እና ይስቀል ወይስ አንድ ዓመት ይጨምር? እኔ ይስቀል ባይ ነኝ።

ሌሊት ጠባቂ

ከአዲስ አበባ። እዚህ የጀመረው ከሌሊቱ 10፡15 ነው። ማንቂያ ሞልቼ ተነሣሁ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፁን ቀንሼ። ምን አየሁ? የዳላሱ መቺ ብሬት ማሄር ከተችዳውን (ኳሷን መጨረሻው መስመር አሳልፎ 6 ነጥብ ማግኘት ነው) በኋላ የምትመታዋን ቀላል የ1 ነጥብ ኳስ አራት ጊዜ በተከታታይ ሳታት። ነጥቡ 6፣ 12፣ 18፣ 24 እያለ ሄደ። የሁለተኛ ክፍል ማባዣ ነው የሚመስለው። እንዲህ የሚስት ቡድን 24 ለ 0 ከመራህ ዕድል ጠመመብኝ አትልም። ይስቀል።

ነርሷ

ከጋርላንድ። እኔ ደግሞ ቆይ ባይ ነኝ። ሰውየው ትናንት 66 ጊዜ ወረወረ። ክንዱ ያለቀ ሰው 66 ጊዜ አይወረውርም። ዘንድሮ ታምፓ በሩጫ ከ32 ቡድን 32ኛ ነው። ይዞ የሚሮጥ ከሌለ ሸክሙ ሁሉ የሽማግሌው ትከሻ ላይ ነው። ከፊቱ የሚቆሙለት አምስቱ ግዙፎችስ? ማርፔት ገና በ28 ዓመቱ በቃኝ ብሎ ሄደ። ጄንሰን ሐምሌ ላይ ጉልበቱ ተጎድቶ የተመለሰው ትናንት ነው። አጥሩ ፈርሶ ሌባ ሲገባ ጥፋቱ የባለቤቱ ዕድሜ ነው እንዴ?

የዳላሱ

እኅቴ፣ 66 መወርወር ጀግንነት ሳይሆን መላ ማጣት ነው። 66 ወርውሮ ያገኘው 351 ያርድ ነው (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል)። ለአንዷ 5.3 ያርድ ደረሳት። አምና በዓመቱ 7.4 ነበር፣ ዘንድሮ 6.4። ቁልቁል ነው። ለምን መሰለሽ? መመታት ሰልችቶታል። ኳሷ እጁ ላይ እንዳትቆይበት አጭር አጭር እያደረገ ይገላገላታል። አልፈርድበትም፤ እኔ በ34 ዓመቴ ልጄ ሲዘልብኝ ወገቤን እይዛለሁ።

ያቺን ኳስስ አላየሻትም? ገና 6 ለ 0 ነን። ታምፓ 5 ያርድ ብቻ ቀርቶታል። ሰው መጣበት፣ ወደ ኋላ ሸሸት አለ፣ እግሩ ሳይደላደል ወረወራት። መስመር አልፋ እንድትጠፋለት ነው የፈለገው። አልጠፋችም፤ የኛው ተከላካይ ኪርስ እጅ ገባች። የድሮው ብራዲ ያቺን ኳስ ሦስተኛ ረድፍ የተቀመጠ ተመልካች ጉያ ውስጥ ነበር የሚጥላት።

ሙኒክ ነኝ

ሰው እንዴት በአንድ ማታ ይፈረድበታል? ኅዳር ላይ እዚህ ሙኒክ መጥቶ ሲያትልን 21 ለ 16 አሸንፎ ነው የሄደው። ጀርመን ውስጥ የመጀመሪያው የሊግ ጨዋታ ነበር። ትኬት የሚታሰብ አልነበረም፤ ከሰፈር ቢራ ቤት ቆሜ አየሁት። አጠገቤ ያሉት ጀርመኖች ሕጉን ስልካቸው ላይ እያነበቡ ይጮሁ ነበር።

ይህን ተዉትና ዘመን መለወጫቸው ዕለት ካሮላይናን ምን አደረገው? 432 ያርድ። ለቡድን ጓደኛው ለማይክ ኤቫንስ ብቻ ሦስት ተችዳውን። ገና ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። በሁለት ሳምንት ሰው ያረጃል?

ሌሊት ጠባቂ

በአንድ ሌሊትም ያረጃል። እኔ ዛሬ ቢሮ ገብቼ መስታወት አይቻለሁ።

ሚኒሶታ በረዶ

እኔ ስለ ፋርቭ፣ ስለ ድሮው የሚኒሶታ ኳርተርባክ ነው የማወራው። ሚኒያፖሊስ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2010። ብሬት ፋርቭ 40 ዓመቱ ነው። በዚያ ዓመት 33 ተችዳውን ወርውሮ 7 ኳስ ብቻ ነው ያስነጠቀው። ለሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ ቀርቶናል፣ ኒው ኦርሊንስ ላይ። ነጥቡ 28 እኩል፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ፊቱ ክፍት ነበር፣ ሁለት እርምጃ ቢሮጥ ይበቃን ነበር። እየሮጠ አጣምሞ ወደ መሐል ወረወራት። የነሱ ተከላካይ ትሬሲ ፖርተር ቀለባት። በተጨማሪ ሰዓት 31 ለ 28 ተሸንፈን ወጣን። እኛ ቤት ዶሮ ወጥ ቀርቦ ነበር። እጁን የታጠበ ሰው አልነበረም።

ይስቀል አልን? አላልንም። ነሐሴ ላይ ሦስት የቡድን ጓደኞቹ አውሮፕላን ተሳፍረው ሚሲሲፒ፣ ቤቱ ድረስ ሄደው ለምነው አመጡት። ሽማግሌ መላክ በሉት። መጣ። በዚያ ዓመት 11 ተችዳውን፣ 19 የተነጠቀ ኳስ። 297 ጨዋታ አንድ ሳይቀር በቋሚነት የተሰለፈ ሰው ትከሻው እምቢ አለ።

ታኅሣሥ ላይ የስታዲየማችን ጣሪያ የበረዶ ክብደት ተጭኖት ተቀደደ። ስለዚህ ከቺካጎ ጋር ዩኒቨርሲቲው ሜዳ ላይ ሆነ። እኔ እዚያ ነበርኩ። ሦስት ካልሲ ደርቤ እግሬ አይሰማኝም። ሣሩ ደርቆ ሲሚንቶ ሆኗል። የቺካጎው አዲስ ልጅ መጣና ከኋላ አነጠፈው። ጭንቅላቱ መሬቱን ሲመታ ሜዳው ሁሉ ዝም አለ። ትንሽ ሳይንቀሳቀስ ቆየ። ከዚያ ደግፈው አስወጡት። ከዚያ ወዲያ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም።

ሄደው ከለመኑት ሦስቱ ጋር እኔም በልቤ ነበርኩበት። ስለዚህ ዛሬ ማንንም ቀጥል አልልም።

ነርሷ

አንጀቴን በላኸው። ግን የአንድ ሰው ታሪክ ነው። የዴንቨሩ ኳርተርባክ ፔይተን ማኒንግ እ.ኤ.አ. በ2015 ጃንዋሪ በኢንዲያናፖሊስ ቡድን 24 ለ 13 ሲሸነፍ አለቀለት ያላለ ማን ነበር? ሰምቷቸው ቢሆን በዓመቱ ሱፐር ቦውልን ይዞ አይወጣም ነበር።

የዳላሱ

በዚያ ዓመት 9 ተችዳውን፣ 17 የተነጠቀ። ዋንጫውን ያመጣው የዴንቨር መከላከል ነው። ማኒንግ ተሳፋሪ ነበር።

ነርሷ

ተሳፋሪም ቢሆን የሻምፒዮንነት ቀለበቱ ያለው ጣቱ ላይ ነው።

ሌሊት ጠባቂ

ሸርተቴዋን ግን ያየ የለም? የዳላሱ ተከላካይ ማሊክ ሁከር የወደቀች ኳስ አንሥቶ ሲሮጥ ብራዲ በእግሩ ገባበት። የኛ ኳስ ቢሆን ቢጫ ካርድ ነበር። 7 ዋንጫ ይዞ፣ 45 ዓመት ሆኖት፣ ለአንዲት ኳስ እንዲህ የሚቃጠል ሰው ይሰቅላል ብላችሁ ነው? ሐሳቤን እየቀየርኩ ነው።

ነርሷ

ልብ በል፣ ጥያቄው ይሰቅላል ወይ አይደለም። ይስቀል ወይ ነው።

ጋሽ ፓርኪንግ (ጥር 10)

እንኳን ለከተራው አደረሳችሁ ልጆች። ይህን ጨዋታ ዋሽንግተን ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ሆኜ ከ20 ዓመት በላይ አይቻለሁ። ሕጉ እስካሁን በቅጡ አልገባኝም። ብራዲን ግን አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 ቡድኖች ተጫዋች ሲመርጡ 199ኛ ሆኖ ነው የተጠራው። እኔ እዚህ ሀገር በገባሁ በዓመቱ። አብረን ነው ያረጀነው።

አሁን 67 ዓመቴ ነው። ባለፈው ወር አዲሱ ተቆጣጣሪ፣ የመጨረሻ ልጄ እኩያ፣ መጥቶ «መቼ ነው የምታርፈው?» አለኝ። በክፋት አይደለም፤ አዝኖልኝ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በረዶውን ከማንም በፊት የምጠርገው እኔ ነኝ።

እና የእናንተን ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። ይበቃዋል የምትሉት ለሰውየው አስባችሁ ነው? ወይስ ያያችሁት ነገር እንዳይበላሽባችሁ?

ኃይሌን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኒው ዮርክ ማራቶን ላይ ጉልበቱን አመመውና ድልድዩ ላይ አቋረጠ። በዚያው ቀን ጋዜጠኛ ፊት እያለቀሰ በቃኝ አለ። እኔም ቴሌቪዥኑ ፊት አልቅሻለሁ፣ አላፍርም። ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረ። ከዚያ ወዲህ ቪየና ላይ ግማሽ ማራቶን አሸንፏል። በቃኝ ያለው እ.ኤ.አ. በ2015፣ በራሱ ጊዜ ነው። ኒው ዮርክ ላይ የተናገረው ጉልበቱ ነበር።

የዳላሱ

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሩጫ ሌላ ነው። ኃይሌ ከደከመው ጥግ ይዞ ይቆማል። ከኋላው መጥቶ የሚጥለው 130 ኪሎ ሰው የለም። እርስዎስ ዳስ ውስጥ ሆነው የሚያንጠፍዎት አለ?

ጋሽ ፓርኪንግ

ከነመኪናው የሚመጣ አለ። ግን ገባኝ፤ እሱስ እውነትህን ነው።

ሙኒክ ነኝ

የጋሼ ጥያቄ ይመለስልኝ። የዳላሱ፣ አንተ ራስህ ኮሪደር ላይ ወላጆቹን ሲስም አይተህ ነው ሆድህ የባባው። ይህ የአንተ ስሜት ነው። አምና በራምስ ቡድን 30 ለ 27 ተሸንፎ ሲወጣ፣ 27 ለ 3 ከመመራት ተነሥቶ እኩል አድርጎት ነበር። በዓመቱ 5,316 ያርድ፣ 43 ተችዳውን፤ በሁለቱም ከሊጉ አንደኛ። ያኔም ይስቀል ተባለ። ሰቀለ። በ40 ቀኑ ተመለሰ። ሰው ሰምቶ ሲወስን እንዲህ ይሆናል።

የዳላሱ

ተመልሶስ ምን አተረፈ? 8 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ዋና ተሰላፊ ከሆነ ወዲህ እንዲህ ያለ ዓመት አሳልፎ አያውቅም። ጥቅምት ላይ ደግሞ ትዳሩ ፈረሰ።

ነርሷ

የሰው ትዳር ውስጥ አንግባ።

የዳላሱ

እሺ፣ አንገባም። ፎክስ ቴሌቪዥን የተንታኝነት ወንበር ይዞለታል። የተወራው ክፍያ በ10 ዓመት 375 ሚሊዮን ዶላር ነው። እኔ ብሆን ገና ሦስተኛው ሩብ ላይ ሱፍ ለብሼ እወጣ ነበር።

ነርሷ

ብር ቢሆን አነሳሡ ድሮ ባቆመ። እኔ ሥራዬ ከቀዶ ጥገና የወጡ ሽማግሌዎች ጋር ነው። ዳሌ የተቀየረለት ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው፦ «መቼ ነው የምራመደው?» ሐኪሙ ጊዜ ይነግረዋል፤ የሚነሣው ግን ራሱ ነው። አንዳንዱ ቀድሞ ተነሥቶ ይወድቃል፣ እሱንም አይቻለሁ። ሚኒሶታ ያልከው ፍርሃት ገብቶኛል። ግን ታምፓን ለቆ ጥሩ አጥርና የሚሮጥ ልጅ ያለው ቡድን ቢያገኝ አንድ ዓመት ይቀረዋል። እኔ ይቀጥል ባይ ነኝ። ይቀጥላልም።

የዳላሱ

እንወራረድ። ዘንድሮ ይሰቅላል። አንድ ሙሉ ክትፎ ከነአይቡ ከነጎመኑ።

ነርሷ

ተቀበልኩ። ለብለብ ነው፣ አስቀድሜ ልንገርህ።

ሚኒሶታ በረዶ

ምስክር ነኝ። ምስክርም ይበላል።

የዳላሱ (ጥር 24)

አያችሁት? አሸዋ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ስልኩን ራሱ ይዞ፣ ጡረታ ወጣሁ፣ በዚህኛው ለዘለዓለም ነው አለ። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ድምፁ ተያዘ። አምናም በዛሬዋ ቀን ነበር ያሳወቀው፣ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 1። የሚገርመው፣ ያሸነፍኩት እኔ ሆኜ ሁለት ጊዜ አየሁት። ነርሷ የት ናት?

ሌሊት ጠባቂ

እኔ ደግሞ ዛሬ በጊዜ እተኛለሁ።

ጋሽ ፓርኪንግ

ተቆጣጣሪዬ ጠዋት ስልኩ ላይ ቪዲዮውን አሳየኝ። ዳሱ ውስጥ ቆመን አየነው። ምንም አላለኝም። እኔም ምንም አላልኩትም።

ነርሷ

አለሁ፣ አልጠፋሁም። የዳላሱ፣ አምና ሰቅሎ ስንት ቀን ቆየ? 40። ለሞተ እንኳ አርባው ይጠበቃል። አርባው ይውጣና ክትፎህን ትበላለህ።

የዳላሱ

ቆጠርኩት። አርባው የሚሞላው መጋቢት 4 ነው። ሁዳዴ የሚገባው የካቲት 13። ነርሷ፣ ይህን አውቀሽ ነው!

ነርሷ

ጾም አስፈታኝ እንዳልባል ነው። ምስር ወጥና ሽሮ አዝልሃለሁ፣ ከነአዋዜው።

ሚኒሶታ በረዶ

ምስክሩ ፋሲካን ይጠብቃል።