«ቁጥሩ ትክክል ነበር»፦ አንድ ለአምስት ይመለስ ለምትሉ

ቀይ እስክርቢቶ፦
በአንድ መሥሪያ ቤት የግማሽ ዓመት ግምገማ ላይ አንድ ኃላፊ «አንድ ለአምስት ከቀረ ወዲህ የቡድን ሥራ ሞቷል፤ ጠርናፊ የሌለው ሠራተኛ እረኛ የሌለው መንጋ ነው» አሉ ተብሎ ከትናንት ጀምሮ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። መንጋ ተብሎ ያጨበጨበውን ለጊዜው ልተወው። አምስት ሠራተኛ በአንድ ጠርናፊ (መሪ) ሥር ሲደራጅ፣ ያኔስ ቡድን ነበረ ወይ? ስድስት ሰው ይሰበሰባል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ሂስና ግለ ሂስ ተብሎ አንዱ «አልፎ አልፎ አረፍዳለሁ» ይላል፣ ሌላው «ከእኔም የኪራይ ሰብሳቢነት ዝንባሌ ይታያል» ይላል፣ ሀ ለ ሐ ተብሎ ደረጃ ተሰጥቶ ይበተናል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ባለጉዳዩ ኮሪደር ላይ ቆሟል። እሱን ነው መልሱ የምትሉት?

ድሮ ይሻላል፦
አሁን ታዲያ ኮሪደሩ ባዶ ሆነልህ? ያኔ ቢያንስ ፋይሉ የት እንደደረሰ የሚጠየቅ ሰው ነበር። ዛሬ መልሱ «ሲስተም የለም» ነው። አጠቃቀሙ ተበላሸ እንጂ ቁጥሩ ትክክል ነበር። ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥም አንድ የቡድን መሪ የሚይዘው አምስት ስድስት ሰው ነው። የጃፓን ሲሆን ጥበብ፣ የእኛ ሲሆን ካድሬ! በጤናውም በኩል ለአንድ ቀበሌ የተመደቡት ሁለት ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። የክትባቱ ቀጠሮ፣ የመፀዳጃ ጉድጓዱ ነገር ቤት ለቤት የደረሰው አንድ ለአምስት በተደራጀው የሴቶች ልማት ቡድን አይደለም እንዴ?

ፈረቃ ሁለት፦
«ቁጥሩ ትክክል ነበር»። እሺ፣ በቁጥር እንነጋገር። በስድስት ሰው መካከል 15 የሁለት ሰው ግንኙነት አለ፤ አሥራ ሁለት ሲሆኑ 66 ይደርሳል። ቡድን ትንሽ ይሁን በሚለው አልከራከርህም። ቶዮታን ከጠራህ ግን ሙሉውን ጥራ። እዚያ ሠራተኛው ችግር ሲያይ አጠገቡ የተዘረጋውን ገመድ ይስባል፤ ድምፅ ይሰማል፣ ሰሌዳው ላይ የሥራ ቦታው ቁጥር ይበራል፣ የቡድን መሪው ይመጣል። መኪናው የዚያን ቦታ ወሰን ሳያልፍ ካልፈታው መስመሩ ይቆማል። መሪው የአባላቱን ሥራ በእጁ ያውቀዋል፤ ሰው ሲቀር ገብቶ ይተካል። የእኛ ጠርናፊ የማንን ወንበር ተክቶ ያውቃል? ገመዱስ ማንን ነበር የሚጠራው?

ቀይ እስክርቢቶ፦
ገመዱማ ነበር። ጫፉ የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ነበር የታሰረው።

ድሮ ይሻላል፦
ፖለቲካ አታስገቡበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት አባቶች ካድሬ አልነበሩም።

ማኅደር 07፦
ድሩ መጣ። ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለክቶ ነበር፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ሰው ብቻውን ሲጎትት የሚያወጣውን 100 ብንለው፣ ስምንት ሆነው ሲጎትቱ የእያንዳንዱ ድርሻ 49 ሆነ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ እኩል አይስቡም፤ አንዱ ሲስብ አንዱ ይለቃል። ሁለተኛው፣ «ሌላው ይጎትት የለ» ይባላል። መድኃኒታቸውም ይለያያል፤ ለመጀመሪያው «ሆ» የሚል ያስፈልጋል፣ ለሁለተኛው ደግሞ የእያንዳንዱ ድርሻ ለብቻው መታየት አለበት። አንድ ለአምስት «ሆ» ባዩን ብቻ ነው ያመጣው።

ወንፈል፦
ጃፓንና ፈረንሳይ ከመሄዳችሁ በፊት አገር ቤት እዩ። መሥሪያ ቤቶቻችን የሚያደርጉት ደቦ ነው። ሰውን ቢሾፍቱ ይወስዳሉ፣ ቲሸርት ያለብሳሉ፣ ገመድ ያስጎትታሉ (ሪንግልማን አይየው)፣ ክትፎ አብልተው ይመልሳሉ። የሚፈልጉት ግን ወንፈል ነው። በወንፈል እኔ ላንተ አንድ ቀን ካረምኩ አንተም አንድ ቀን ታርምልኛለህ፤ ሰው በሰው፣ በሬ በበሬ ይቆጠራል። በሩብ ዓመት መዝጊያ ያንተ ሒሳብ ሲከመር እኔ ገባሁ፤ የእኔ ጨረታ ሲደራረብ አንተ ግባ። የማን ዕዳ በማን ላይ እንዳለ የሚታወቅበት ቦታ መተባበር በስብከት አይለመንም።

ድሮ ይሻላል፦
ደቦም ይመለሳል! ማን ነው አይመለስም ያለህ?

ወንፈል፦
አይመለስም አላልኩም፤ አይቆጠርም ነው ያልኩት።

ድሮ ይሻላል፦
አይቆጠርም ያልከው አንተ ነህ። ደቦ ተጠርተህ ቅርና በዓመቱ እህልህ ማሳ ላይ ሲቀር መቆጠሩን ታየዋለህ። ጅጌንስ የት ጣልከው?

ወንፈል፦
ጅጌ ሌላ ክር ይከፈትለት፣ እባካችሁ።

ኮሌታ፦
ጅጌው ይቆየንና አንድ የሸሚዝ መስመር ላይ እንየው። ፈረቃው 8 ሰዓት ነው፣ 480 ደቂቃ። ለዕረፍትና ለማሽን ጽዳት 30 ሲቀነስ 450 ይቀራል፣ ማለትም 27,000 ሴኮንድ። የቀኑ ዕቅድ 900 ሸሚዝ ከሆነ በየ30 ሴኮንዱ አንድ መውጣት አለበት። ኮሌታ መግጠም 42 ሴኮንድ፣ ጎን መዝጋት 18 ሴኮንድ ይፈጃል እንበል። ኮሌታ የምትገጥመው ልጅ ውኃ ሳትጠጣ ብትሠራ ከ643 አታልፍም። 257 ጎደለ። እሷ ዘንድ ጥቅሉ ይከመራል፣ ከእሷ ቀጥሎ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ፣ ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ እሷን ይቆጣል። በማግስቱ «የቡድን መንፈስ የለም» ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል። ጎን የምትዘጋዋ እኮ 900ውን በ4 ሰዓት ተኩል ጨርሳለች። የተረፋትን 3 ሰዓት ኮሌታ ብትገጥም 257ቱ ይወጣል። የጎደለው ክፍፍል ነው፤ መንፈሱን ለምን ትጠሩታላችሁ?

ፈረቃ ሁለት፦
ወረቀት ላይ ይሞላል። ጎኑ በኦቨርሎክ ማሽን ነው የሚዘጋው፣ ኮሌታው በቀጥ ስፌት ማሽን። ስትዘዋወር እጇ እስኪፈታ የሚበላሸውን ማን ይቁጠረው?

ኮሌታ፦
ለዚህ ነው ትርፍ ቀጥ ስፌት ማሽን ክሩ ገብቶለት፣ መርፌው ተፈትሾ አጠገቧ የሚቆመው። በየሰዓቱ አትዘዋወርም፤ ጠዋት አንድ ዙር፣ ከምሳ በኋላ አንድ ዙር። ግን ቀድማ መማር አለባት። ግድግዳ ላይ ሠንጠረዥ ይሰቀላል፤ ወደ ታች የሰው ስም፣ ወደ ጎን የሥራው ዓይነት። በየሣጥኑ ክብ ይሣላል፤ ሩቡ ሲጠቁር በመማር ላይ ነች፣ ግማሹ በክትትል ትሠራለች፣ ሦስት አራተኛው ብቻዋን በተፈለገው ፍጥነት፣ ሙሉው ሌላ ሰው ታሠለጥናለች። አንድን ሥራ ብቻዋን የምትችለው አንዲት ልጅ ብቻ ከሆነች እሷ የታመመች ቀን መስመሩም ይታመማል። ለአንድ ሥራ ከሦስት ሰው ባያንስ ጥሩ ነው። የሚከሽፈው ግን ክፍያው ላይ ነው። ሦስት ሥራ የቻለችው አንድ ከምትችለው እኩል ከተከፈላት፣ በሁለተኛው ወር የምትችለውንም አልችልም ማለት ትጀምራለች። ትክክል ነች።

ድሮ ይሻላል፦
እህቴ፣ ሁሉም መሥሪያ ቤት ልብስ አይሰፋም። ቢሮ ውስጥ ኮሌታ የለም።

ማኅደር 07፦
አለ እንጂ፣ ማኅተሙ ነዋ! አምስት ሰው ያዘጋጀው ደብዳቤ አንድ ፈራሚ ጠረጴዛ ላይ ይከመራል፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው፣ ውክልና አልሰጠም። ከላዩ ደግሞ ውጤት ተኮር ምዘናውን ጨምርበት። በየስድስት ወሩ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ነጥብ ይሰጣል፤ ለአንድ ክፍት መደብ የሚወዳደሩት እዚያው ፊት ለፊት የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው። የጨረታ ሰነድ አዘገጃጀት የሚያውቀው ለሌሎቹ ቢያሳያቸው በራሱ ላይ ተወዳዳሪ ማፍራቱ ነው። ከዚያ «ለምን ዕውቀት አታካፍሉም» ተብሎ ይገመገማል። ከነጥቡ ጥቂቱ እንኳ «ሌላ ሰው ሥራህን መሥራት ይችላል ወይ» ለሚለው ቢሰጥ ከቢሾፍቱው ቲሸርት የተሻለ ይሠራል።

ቀይ እስክርቢቶ፦
ካይዘንም (የጃፓኖቹ ሥራን በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል ዘዴ) እኮ መጥቶ ነበር። ሠላሳ ድርጅት ላይ ተሞክሮ፣ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለት፣ አምስቱ ማዎች በየግድግዳው ተለጠፉ፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ብዙ መሥሪያ ቤት ማጣራት ላይ ቆመ። የተጣራው ወንበር አሁንም ግቢ ውስጥ ተከምሮ የንብረት ማስወገጃ ኮሚቴ ይጠብቃል።

ኮሌታ፦
የካይዘን ጥፋት አይደለም። ቡድኑ ሐሳብ ያቀርባል፣ መልስ አይመጣም። ሁለተኛ ያቀርባል፣ ዝም። በሦስተኛው «ምን አገባኝ» ነው። ሰሌዳ ከተሰቀለ አራት ዓምድ ይበቃል፦ ዕቅድ፣ ክንውን፣ ምን አጎደለ፣ ማን እስከ መቼ። በየጠዋቱ 10 ደቂቃ፣ ቆሞ፤ ወንበር ከመጣ 40 ይሆናል። የሚጽፈው ሠራተኛው ራሱ ነው። «ማን» የሚለው ዓምድ ላይ የሰው ስም ይጻፋል፤ «የሚመለከተው አካል» ተብሎ ከተጻፈ ሰሌዳው ሞተ ማለት ነው። ያው ችግር ሦስት ቀን ከተደገመ ባለቤቱ ሥራ አስኪያጁ ይሆናል፣ ስሙም እዚያው ይሰፍራል።

ማኅደር 07፦
የሥራ አስኪያጅ ስም ሰሌዳ ላይ? ለዚህማ ጠመኔውን የሚገዛ ሰው አይገኝም።

ድሮ ይሻላል፦
ቆይ፣ ቆይ። ስድስት ሰው፣ በየጠዋቱ፣ አንድ መሪ ይዞ፣ እየተመዘገበ። ይሄ ጠመኔ የያዘ አንድ ለአምስት አይደለም እንዴ? ቁጥሩ ትክክል ነበር ስል ነው አንድ ሰዓት ሙሉ የሰደባችሁኝ?

ፈረቃ ሁለት፦
የተሰደብከው ለቁጥሩ አይደለም። የኮሌታ ሰሌዳ የሚመዘግበው የቆመውን ሥራ ነው፣ አንድ ለአምስት ያረፈደውን ሰው። የዚህኛው ቃለ ጉባኤ ነገ ጠዋት ይደመሰሳል፣ የዚያኛው የግል ማኅደር ውስጥ ይገባል። ገመዱንም እስካሁን አላመጣህልኝም።

ድሮ ይሻላል፦
ገመድ ባመጣ ደግሞ ሊያስረን ነው ትላላችሁ።

ቀይ እስክርቢቶ፦
ድር አለህ አይደል? ለምዶብሃል።

ወንፈል፦
የጅጌው ክር ተከፍቷል። ደቦ ይመለሳል የምትለው ሰውዬ፣ እዚያ እጠብቅሃለሁ።