አጎቴ ከስትሮክ በኋላ ጋዜጠኛ ፊት ይቅረብ ወይ?

የጅሬን ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ከጅማ ነው የምጽፈው። አጎቴ ከ30 ዓመት በላይ ኪቦርድ የተጫወተ ሰው ነው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የተዳረ ሰው ሠርጉን ካስታወሰ አጎቴንም ያስታውሳል። "ሙላቱ አስታጥቄ እኮ በ1943 እ.ኤ.አ. እዚችው ከተማ ነው የተወለደው" እያለ ነው ያሳደገን፤ ኢትዮ ጃዝን ቤታችን ያስገባው እሱ ነው።

አምና ስትሮክ መታው። ንግግሩ ደህና ነው፣ ግራ እጁ ግን እምቢ አለ። አሁን አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ቤት መጥቼ ላነጋግረው ብሏል። እናቴ "ሰው እንዲህ ሆኖ አይየው" ትላለች። እኔ ደግሞ ፒያኒስቱ ኪት ጃሬት ትዝ ይለኛል። በ2018 እ.ኤ.አ. ሁለት ጊዜ ስትሮክ መታው፤ ከዚያ ድምፁን አጥፍቶ ከርሞ በኦክቶበር 2020 ለኒው ዮርክ ታይምስ ተናገረ። ከግራ እጁ ቢበዛ የሚጠበቀው ሲኒ መያዝ መቻል እንደሆነ ነው የነገራቸው።

ይቺ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። አጎቴም ጠዋት ቡና ሲቀርብ ሲኒውን በቀኙ አንስቶ ግራ መዳፉ ላይ ያስቀምጥና ጣቶቹን አንድ በአንድ ያጥፋቸዋል፣ ቡናው እስኪበርድ ድረስ፣ ማንም እንዲያግዘው ሳይፈልግ። ይናገር ትላላችሁ? ወይስ እናቴ ናት ልክ?

ቤዚስቱ፦
አይዞህ ወንድሜ። እኔ የምለው፣ መናገሩ አይደለም ጥያቄው። ጠሪው ማነው ነው።

የጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹን ሉዊስ አርምስትሮንግን ተመልከት። በ1971 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሐኪሙ ተው እያለው ኒው ዮርክ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ሁለት ሳምንት ተጫወተ፤ ከዚያ ልቡን አሞት ሆስፒታል ገባ። ከወጣ በኋላ ጁን ላይ ጋዜጠኞችን ኩዊንስ ያለው ቤቱ ጠርቶ ትራምፔቱን ነፋላቸው፣ ወደ ሥራ እመለሳለሁም አለ። ጁላይ 6 አረፈ። ይሄን ሲሰማ የሚያዝንለት ሰው አለ፤ እኔ አላዝንለትም። በገዛ ቤቱ፣ ትራምፔቱን ይዞ፣ ራሱ ጠርቷቸው ነው ያገኙት። ጃሬትም ሁለት ዓመት ጠብቆ ራሱ ሲፈልግ ነው የተናገረው። ስለዚህ አንተም እናትህም ተዉትና አጎትህን ጠይቁት። እስካሁን ጠይቃችሁታል?

ፊዚዮቴራፒ ላይ የምሠራ፦
ስለ ጤናው ጥቂት ልበል። ግራ ጎን ሲደክም ጉዳቱ ያለው በቀኙ አንጎል ነው። የአብዛኛው ሰው ንግግር የሚመራው ደግሞ በግራው ስለሆነ ብዙ ጊዜ አፍ አይያዝም። ስለዚህ አጎትህ መናገር ይችላሉ፣ ግን ቶሎ ይደክማቸዋል። ቃለ መጠይቁ ጠዋት ይሁን፣ ከግማሽ ሰዓትም አይብለጥ።

ፎቶ እናንሳ ብለው በግራ እጃቸው ስበው እንዳያስነሷቸው አደራ! የደከመ ትከሻ በቀላሉ ከቦታው ይንሸራተታል። የሲኒው ነገር ደስ ብሎኛል፣ ለእጅ የሚጠቅመው እንዲህ ያለ ደጋግሞ የሚሠራ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ግን ባዶ ሲኒ ይሁን። እጅ ስሜቱ ከቀነሰ ሲቃጠል አይታወቅም። የደም ግፊት መድኃኒታቸውንም ተሽሎኛል ብለው እንዳያቋርጡ።

የዘፋኝ ልጅ፦
በእኛ ቤት የደረሰውን ልንገርህ። አባቴ ታሞ ተኝቶ ሳለ አንድ ጋዜጠኛ መጣና ከአንድ ሰዓት በላይ ስለ በሽታው፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ችግራችን ሲጠይቀው ቆየ። ስለ ዘፈኑ አንዲትም ጥያቄ አልጠየቀውም። አባቴ ማታ ራት አልበላም። ጥያቄዎቹን ቀድማችሁ እዩ።

የጃዝ ፒያኒስቱን ኦስካር ፒተርሰንን በ1993 እ.ኤ.አ. ስትሮክ ሲመታው እሱም ግራ እጁ ነው የደከመው። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ መድረክ ተመልሶ ለዓመታት ተጫወተ፣ ብዙውን ሥራ ለቀኙ እየሰጠ። ጋዜጠኛው እንዲህ ያለውን ይጠይቅ! ቀኝ እጅህ ምን ተማረ ይበለው።

የጅሬን ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቤዚስቱ፣ እውነትህን ነው፣ ለካ እሱን አልጠየቅነውም ነበር። ትናንት ማታ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለና "ይምጣ፣ መጀመሪያ ግን ኪቦርዱን አውጣልኝ" አለኝ። ከታመመ ጀምሮ በአንሶላ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ነበር። አቧራውን ጠርጌ ሰካሁት። እሱ በቀኙ ትዝታን ጀመረ፣ ቤዙን እኔ በአንድ ጣት ያዝኩለት። ሁለቴ "ቀደምክ" ብሎ አስቆመኝ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ቆየችና ሳትናገር ወንበር አምጥታ ተቀመጠች።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጥረነዋል። ሲኒውም ከዛሬ ጀምሮ ባዶ ሆኗል።