ኮሜዲ የሚጽፍ ሰው የጣቢያዎችን ተለዋዋጭ ፍላጎት ተከትሎ መጻፍ ይገባዋልን?

ጥያቄ — ቁልፍ ሠሪው

ከአባታቸው የቁልፍ ሥራ ሱቅ ስለወረሱ ሁለት ወንድማማቾች የሚተርክ የሲትኮም (እነዚያው ገጸ ባሕርያት በየክፍሉ የሚመላለሱበት የቴሌቪዥን ኮሜዲ) ድርሰት ጽፌ ጨርሻለሁ። ታሪኩ በአብዛኛው ሱቁ ውስጥ የሚካሄድ ሲሆን፣ የጻፍኩትም ስቱዲዮ ውስጥ በተመልካች ፊት እንዲቀረጽ አስቤ ነው። ስጀምረው ጣቢያዎች አጥብቀው የሚጠይቁት ቤተሰብ አብሮ ተቀምጦ የሚስቅበትን እንዲህ ያለውን ሥራ ነበር። በቅርቡ ያነጋገርኩት ፕሮዲዩሰር ግን ፍላጎቱ መለወጡን፣ አሁን የሚፈለገው ሳቅና ሐዘን የተቀላቀለበት፣ ከስቱዲዮ ውጭ በአንድ ካሜራ የሚቀረጽና ታሪኩ ከክፍል ወደ ክፍል የሚቀጥል ኮሜዲ መሆኑን ነገረኝ። ድርሰቱን በዚያ መልክ እንደገና ልጻፈው ወይስ እንዳለ ልተወው? ሰፋ አድርጌ ስጠይቅም፣ ጸሐፊ ይህን ፍላጎት እየተከታተለ መጻፍ አለበትን?

መልስ — የድርሰት አርታዒ

ከመወሰንዎ በፊት የጊዜውን ስሌት ቢያዩት መልካም ነው። አንድ የጣቢያ ኃላፊ በስብሰባ ላይ «የምንፈልገው ይህን ነው» ብሎ ሲናገር፣ ያን ዓይነት ሥራ ቀደም ብለው የጀመሩ አዘጋጆች ድርሰታቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረዋል፤ እንዲያውም ኃላፊው ብዙ ጊዜ የሚናገረው አስቀድሞ የወደደውን አንድ ሥራ በልቡ ይዞ ነው። ጸሐፊው ያን ሰምቶ ዛሬ ቢጀምር፣ ረቂቁ፣ እርማቱ፣ የሙከራ ክፍሉ፣ የበጀት ድርድሩና ቀረጻው ተደምረው ሥራው ተመልካች ዘንድ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ዓመት ቢፈጅ አያስደንቅም። በዚህ መካከል ኃላፊው ራሱ ቦታውን ሊለቅ ይችላል፤ ተተኪውም ከቀደመው ሰው የተረፈውን ሥራ በጉጉት አያነብም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ጣቢያው ራሱም ባለበት አይጸናም። ለወጣቶች የሚሆን ኮሜዲ ያሠራ የነበረው የእንግሊዙ ጣቢያ ቢቢሲ ስሪ እ.ኤ.አ. በ2016 የቴሌቪዥን ሥርጭቱን አቋርጦ ወደ ኢንተርኔት ሄደ፤ በ2022 ደግሞ ወደ ቴሌቪዥን ተመለሰ። ለዚያ ጣቢያ ሲል መንገዱን የቀየረ ጸሐፊ ሁለት ጊዜ መቀየር ነበረበት ማለት ነው።

ለጣቢያዎች ድርሰት የሚገመግሙ ሰዎች ፍርድም ቢሆን የመጨረሻ ቃል አይደለም። ፎልቲ ታወርስ የተባለው ሲትኮም ድርሰት እ.ኤ.አ. በ1974 ለቢቢሲ በቀረበ ጊዜ፣ እንዲገመግመው የተሰጠው ሠራተኛ እጅግ የሚያጣጥል ማስታወሻ ጽፎበታል፤ በ1975 ግን ተላለፈ፤ 12 ክፍሎች ብቻ ቢኖሩትም ከእንግሊዝ ኮሜዲዎች ሁሉ ከሚወደሱት አንዱ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ የእኔ ምክር እንዳለ ይተዉት ነው።

መልስ — በትእዛዝ የሚጽፍ

አርታዒው ስለ ጊዜው ያሉትን እቀበላለሁ፤ መደምደሚያቸው ግን በሌላ ሥራ ለሚተዳደር ሰው የሚመች ይመስለኛል። እኔ የምኖረው በጽሑፍ ስለሆነ ማን ምን እንደሚገዛ ሳላውቅ መጻፍ አልችልም። መከታተል ማለት መኮረጅ አይደለም። የሥራው ርዝመት፣ የቀረጻ ቦታዎች ብዛት፣ የማስታወቂያ መቋረጥ መኖር አለመኖሩ ሁሉ ከገዢው የሚመጡ ናቸው፤ በአሜሪካ የንግድ ጣቢያዎች የግማሽ ሰዓት ኮሜዲ ማስታወቂያው ሲነሣለት የሚቀረው 22 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ ማስታወቂያ በሌለው ቢቢሲ ግን ወደ 30 ደቂቃ ይጠጋል። የታሪኩ መታጠፊያዎች የት እንደሚያርፉ የሚወስነው ይህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍላጎት ተለወጠ ሲባል ብዙ ጊዜ የተለወጠው ገንዘቡ ነው። በአንድ ሱቅ ውስጥ የሚካሄድና በአንድ ምሽት በተመልካች ፊት የሚቀረጽ ኮሜዲ፣ የቀረጻ ቡድን ይዞ ከመንገድ መንገድ ከሚዞረው በወጪ ይቀላል። በጀት ሲጠብ ያው ጣቢያ ሱቅዎን ፈልጎ ይመጣል፤ ስለዚህ እንዳለ ያስቀምጡት፤ ሁለተኛውን ድርሰት ግን አሁን ለሚገዛው ሰው ይጻፉ።

መልስ — የመድረክ ሰው

እስካሁን ያልተነሣው ነገር፣ የቀረጻው መልክ ሲለወጥ ቀልዱ ራሱ መለወጡ ነው። ታላቁ ወንድም የቤቱን ቁልፍ ውስጥ ረስቶ ደጅ ቀረ እንበል። ዕቃውን ሱቅ ስለተወው ያለው አማራጭ ተፎካካሪውን ቁልፍ ሠሪ መጥራት ነው። በስቱዲዮ ተመልካቹ ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ተፎካካሪው ሲደርስ ታላቅዬው የሱቁ ስም የተጻፈበትን ካፖርት ገልብጦ ለብሶ «የቤቱ ባለቤት ወንድሜ ነው» እያለ ይዋሻል፤ እያንዳንዱ ውሸት ካለፈው ስለሚብስ ሳቁ እየተደራረበ ይሄዳል፤ ተዋናዩም ሳቁ እስኪበርድ ቆሞ ይጠብቃል። በአንድ ካሜራ ግን ይህ ሁሉ ንግግር ሸክም ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ድምፁን ቀይሮ ስልክ ሲደውል፣ ከጀርባው የራሱ ሱቅ ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጥፎ ቢታይ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው የእንግሊዙ ኮሜዲ ዘ ኦፊስ የተመልካች ሳቅ ሳይኖርበት እንደ ዘጋቢ ፊልም ተቀርጾ ከተሳካ በኋላ ብዙዎች የካሜራውን አያያዝ ወሰዱ፤ ዋና ገጸ ባሕርዩ ሰው አልስቅለት ሲል የሚፈጠረውን የሚያሳፍር ዝምታ ግን የቻሉበት ጥቂቶች ናቸው። እርስዎም «ከስቱዲዮ ወደ ውጭ» ብለው የቦታውን ስም ብቻ ከቀየሩ፣ በሁለቱም መንገድ የማያስቅ ነገር ይዘው ይቀራሉ። አንድ ትዕይንት ብቻ መርጠው በሁለቱም መልክ ይጻፉትና ተዋንያን ድምፃቸውን አሰምተው ያንብቡልዎ፤ የወንድማማቾቹ ጠብ፣ ንግግር ሳይኖርበት መቆም ካልቻለ፣ ታሪኩ የስቱዲዮ ነው።

ቁልፍ ሠሪው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትዕይንቱን በሁለቱም መልክ እሞክረዋለሁ፤ በልቤ ግን የስቱዲዮውን እመርጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል፦ ድርሰቱን ለጣቢያ በምልክበት ጊዜ፣ በተመልካች ፊት እንዲቀረጽ የተጻፈ መሆኑን በደብዳቤው ላይ ልግለጽ?

በትእዛዝ የሚጽፍ

ይግለጹ። ሳቅ የሚገባበት ክፍተት የተተወለት መሆኑን ሳያውቅ የሚያነብ ሰው ንግግሩ የተንዛዛ ይመስለዋል። ለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ስለ ወቅቱ ፍላጎት ግን ምንም አይጻፉ፤ እሱን ደብዳቤውን የሚቀበለው ሰው ከእኛ አስቀድሞ ያውቀዋል።