ፖለቲካው ሲናጥ የወደቀ የባንክ አክሲዮን፦ ይሸጥ ወይስ ይያዝ?

ጠያቂዋ፦
የአንድ ባንክ አክሲዮን አለኝ። ከገዛሁት ሁለት ዓመት ሆኖኛል። መንግሥት ፈርሶ ድንገተኛ ምርጫ ከተጠራ ወዲህ ዋጋው በአምስት ሳምንት ውስጥ በሲሶ ወርዷል። ስለ ባንኩ ግን የተሰማ ክፉ ወሬ የለም። ባለፈው ሩብ ዓመት አትርፏል፤ የትርፍ ድርሻም ከፍሏል። ታዲያ ለምን ይወድቃል? ልሽጥ፣ ልያዝ ወይስ ልጨምርበት? አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ትርፍ ገንዘብ አይደለም። ግማሹን ከሦስት ዓመት በኋላ ለልጄ ትምህርት እፈልገዋለሁ።

ታጋሽ፦
አትሽጪ እህቴ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው የሚሆነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ጁን 23 ቀን 2016 የብሪታንያ ሕዝብ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ ሰጠ። በማግስቱ የአገሪቱ ትልልቅ ባንኮች ባርክሌይስ፣ ሎይድስና አርቢኤስ በአንድ ቀን ብቻ የዋጋቸውን አንድ አምስተኛ ያህል አጡ። አንዳቸውም ግን አልፈረሱም።

ሌላም አለ። ኦገስት 2023 የጣሊያን መንግሥት ባንኮች ከወለድ ባገኙት ተጨማሪ ትርፍ ላይ 40 በመቶ ግብር እጥላለሁ አለ። አክሲዮኖቹ በማግስቱ ክፉኛ ወደቁ። መንግሥት በሰዓታት ውስጥ ግብሩ ከባንኩ ጠቅላላ ሀብት 0.1 በመቶ አይበልጥም ብሎ አለዘበው። ዋጋውም መለስ አለ። በፍርሃት የሸጠው ሰው ኪሳራውን ይዞ ቀረ። ፖለቲከኛ ዛሬ ያለውን ነገ ይለውጣል። አንቺም በሱ ቃል አትናወጪ።

ቁጥር አንባቢ፦
ወንድሜ ታጋሽ፣ ምሳሌዎችህ እውነት ናቸው። የመረጥካቸው ግን በሰላም ያለፉትን ብቻ ነው። ባንክ አለመፍረሱ አንድ ነገር ነው፤ የአክሲዮኑ ዋጋ መመለሱ ሌላ። ሎይድስ ከሕዝበ ውሳኔው በፊት የነበረበትን ዋጋ አልፎ እስኪረጋ ድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። እህታችን ያላት ሦስት ዓመት ነው።

ደግሞ ግሪክን ለምን ዘለልካት? በ2015 መንግሥትና አበዳሪዎቹ ሳይስማሙ ቀሩ። በጁን መጨረሻ ባንኮች ተዘጉ። ሰው ከማሽን በቀን ከ60 ዩሮ በላይ ማውጣት ተከለከለ። የአክሲዮን ገበያው ራሱ አምስት ሳምንት ተዘጋ። ኦገስት 3 ሲከፈት የባንኮቹ አክሲዮን እስከ 30 በመቶ ወረደ። ያ በአንድ ቀን እንዲወርድ የሚፈቀደው ጣሪያ ስለነበር ነው እዚያ ላይ የቆመው። በዓመቱ መጨረሻ ባንኮቹ የጎደላቸውን ካፒታል (የባለአክሲዮኖችን ገንዘብ) ለማሟላት አዲስ አክሲዮን በብዛት አወጡ። የፒሬየስ ባንክ አዲስ አክሲዮን አንዱ በ0.003 ዩሮ ነበር የተሸጠው። ባንኩ ዛሬም አለ። የድሮው ባለአክሲዮን ድርሻ ግን በአዲሱ አክሲዮን ብዛት ተውጦ ከምንም አይቆጠርም።

ታጋሽ፦
ግሪክ እኮ የተለየ ጉዳይ ነው። አገሪቱ ራሷ ዕዳ መክፈል አቅቷት ነበር። የእህታችን ባንክ ትርፋማ ነው። ምርጫ በመጣ ቁጥር ግሪክን እየጠራን ከተደናገጥን አክሲዮን መያዝ ለማን ነው?

የቀድሞ ባንከኛ፦
ሁለታችሁም ዋጋው ላይ ነው የቆማችሁት። ባንክ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ መዝገቡን ላሳያችሁ።

ባንክ እንደ ሌላ ድርጅት አይደለም። ከ100 ብር ሀብቱ ውስጥ የባለአክሲዮኖች ገንዘብ ምናልባት 8 ብር ቢሆን ነው። 92ቱ የሰው ነው፤ ተቀማጭና ብድር። ስለዚህ ሀብቱ በ4 በመቶ ብቻ ቢቀንስ የእናንተ ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል። አስቀማጩን ገና አልነካውም፤ መጀመሪያ የሚመታው ባለአክሲዮኑን ነው። የባንክ አክሲዮን ትንሽ ወሬ ሲሰማ የሚዘለው ለዚህ ነው። ገበያው አብዷል ማለት አይደለም።

አሁን ፖለቲካውን አምጡት። ባንኮች የመንግሥት ቦንድ፣ ማለትም መንግሥት ሲበደር የሚሰጠውን ወለድ የሚከፈልበት የዕዳ ሰነድ፣ በገፍ ይይዛሉ። መንግሥት ሲፈርስ አበዳሪ ይፈራል፤ ከፍ ያለ ወለድ ይጠይቃል። አዲሱ ቦንድ የተሻለ ወለድ ሲከፍል አሮጌው ቦንድ ዋጋው ይወርዳል። ባንኩ ከካፒታሉ እጥፍ የሚሆን ቦንድ ይዞ ከሆነና የቦንዱ ዋጋ በ10 በመቶ ቢወርድ፣ ከካፒታሉ አንድ አምስተኛው ሄደ ማለት ነው። አንድም ተበዳሪ ሳይከስር! በ2018 ጣሊያን ውስጥ አዲስ መንግሥት ለማቋቋም ሲጓተቱ የባንኮቹ አክሲዮን የወደቀው በዚሁ መንገድ ነው።

ክፋቱ ይህ ኪሳራ ሁልጊዜ አይታይም። እስከ መክፈያ ቀኑ አልሸጠውም ተብሎ የተያዘ ቦንድ በመዝገብ ላይ የሚቀመጠው በተገዛበት ዋጋ ሒሳብ ነው። የአሜሪካውን ሲሊከን ቫሊ ባንክ አስታውሱ። ችግሩ የፖለቲካ አልነበረም፤ አካሄዱ ግን ያው ነው። የወለድ ተመን ሲጨምር የቦንዶቹ ዋጋ ወደቀ። ገንዘብ ሲያጥረው የተወሰነውን ሸጦ 1.8 ቢሊዮን ዶላር መክሰሩን አሳወቀ። ማርች 9 ቀን 2023 ደንበኞቹ በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር አወጡ። በማግስቱ ተዘጋ።

ስለዚህ እህቴ፣ «ባለፈው ሩብ ዓመት አትርፏል» የሚለው ብዙም አያጽናናሽ። ያ ያለፈው ሒሳብ ነው። ዓመታዊ ሪፖርቱን አውጥተሽ የመንግሥት ቦንዱ ስንት እንደሆነና በምን ዋጋ እንደተመዘገበ እዪ።

ጭማሪ ገዢ፦
እኔ በዚህ አልስማማም ጋሼ። የምን ሪፖርት ነው? አክሲዮኑን የሚያወርዱት የሌላቸውን ተበድረው የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። ሲወድቅ መልሰው ገዝተው ያተርፋሉ። ተቆጣጣሪው ይህን ቢከለክል ነገ ይነሳል። እኔ በወረደ ቁጥር እየጨመርኩ ነው። አማካይ የግዢ ዋጋዬ ወርዷል።

ቁጥር አንባቢ፦
ክልከላው ብዙ ጊዜ ተሞክሯል። በሴፕቴምበር 2008 የአሜሪካ ተቆጣጣሪ በ799 የፋይናንስ ድርጅቶች አክሲዮን ላይ ይህን ዓይነቱን ሽያጭ አገደ። አክሲዮኖቹ እገዳው እያለም መውደቃቸውን ቀጠሉ። ምክንያቱም በመዝገብ ውስጥ ያለውን ቀዳዳ ክልከላ አይደፍነውም።

አማካይ ዋጋህ መውረዱ ደግሞ አንተን አላተረፈህም ወንድሜ። በአንድ ባንክ ላይ ያለህን ገንዘብ ነው ያበዛው። የስፔኑን ባንኮ ፖፑላር ተመልከት። በ2016 ካፒታል ጎድሎኛል ብሎ 2.5 ቢሊዮን ዩሮ ሰበሰበ። ነባር ባለአክሲዮኖች ርካሽ መስሏቸው ጨመሩ። ጁን 2017 ባንኩ በሙሉ ሳንታንደር ለተባለው ሌላ የስፔን ባንክ በ1 ዩሮ ተሸጠ። አስቀማጮች ምንም አልሆኑም። ባለአክሲዮኖች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ይህን የምልህ ልጎዳህ ብዬ አይደለም። እኔም በአንድ ወቅት እንዳንተ ስጨምር ከርሜ የዓመታት ቁጠባዬን አጥቻለሁ።

ታጋሽ፦
ይህን አላውቅም ነበር፣ አይዞህ። ግን ከሁለት አንዱን ምረጡ። ገበያው ሁልጊዜ ልክ ከሆነ ጣሊያን ላይ በማግስቱ ለምን ተመለሰ?

የቀድሞ ባንከኛ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። የጣሊያኑ ግብር የአንድ ጊዜ ወጪ ነበር፤ ወሰን ሲበጅለት ጉዳቱም ተለካ። የቦንድና የወለድ ጉዳይ ግን ወሰን የለውም፤ ፖለቲካው እስኪረጋ ይቀጥላል። ማርች 19 ቀን 2025 የኢስታንቡሉ ከንቲባ ኤክረም ኢማሞግሉ ሲያዙ የኢስታንቡል አክሲዮን ገበያ በዚያው ቀን ወደ 9 በመቶ ወረደ። የቱርክ ገንዘብ ሊራም ተንኮታኮተ። ማዕከላዊ ባንኩ ገንዘቡን ለመከላከል በኤፕሪል ዋናውን የወለድ ተመን ከ42.5 ወደ 46 በመቶ አወጣው። ባንክ ለአስቀማጭ የሚከፍለው ወለድ ቶሎ ይጨምራል፤ ያበደረው ግን በድሮው ወለድ ይቆያል። የአንድ ቀን ድንጋጤ የብዙ ወር ትርፍ የሚበላው እንዲህ ነው።

በትርፍ ድርሻም አትተማመኚ። በማርች 2020 የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ባንኮች እንዳይከፍሉ ጠይቆ አብዛኞቹ አቁመዋል። ትርፋማዎቹም ጭምር።

ጠያቂዋ፦
ሪፖርቱን ሁለት ቀን ሳነብ ነበር። አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ወዴት እንደማይ ባያሳዩኝ ኖሮ ስለ ዋጋው ብቻ ስጨነቅ እከርም ነበር። ባንኩ የያዘው የመንግሥት ቦንድ ከካፒታሉ ሁለት እጥፍ ትንሽ ያልፋል። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በተገዛበት ዋጋ ነው የተመዘገበው። አሁን ያለው የገበያ ዋጋ በግርጌ ማብራሪያው ላይ ተጽፏል፤ ልዩነቱ ከአንድ ዓመት ትርፍ ይበልጣል። ይህም ከምርጫው ጥሪ በፊት ነው።

ለልጄ ትምህርት ያሰብኩትን ያህል ዛሬ ጠዋት ሸጬዋለሁ። በኪሳራ ነው የሸጥኩት፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ። የቀረውን ይዤዋለሁ፤ አልጨመርኩም።

ታጋሽ፦
ስለ ትምህርቱ ገንዘብ ልክ ነሽ። ስለ ቀረው ግን አሁንም ከሐሳቤ አልወርድም። ምርጫው አልፎ የተረጋጋ መንግሥት ከመጣ ቦንዱም ዋጋው ይመለሳል፤ ያኔ በመያዝሽ ደስ ይልሻል።

ቁጥር አንባቢ፦
«ከመጣ» ብለሃል።

ጠያቂዋ፦
ጋሼ፣ የመጨረሻ ጥያቄ። የሚቀጥለው የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲወጣ መጀመሪያ ምኑን ልይ?

የቀድሞ ባንከኛ፦
ተቀማጩን። ከባለፈው ሩብ ዓመት ጋር አስተያዪው። ተቀማጩ ካልሸሸ ባንኩ ቦንዱን ለመሸጥ አይገደድም፤ በመዝገብ ላይ ያለው ልዩነትም እውነተኛ ኪሳራ አይሆንበትም። መቀነስ ከጀመረ ግን ስለ ትርፉ የተጻፈውን አትጨርሺ። በቀጥታ ካፒታል ወደሚለው ገጽ ሂጂና አዲስ አክሲዮን ለማውጣት አስበው እንደሆነ ፈልጊ።